ሙሉ በልተዋል

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። የቋንቋ አስተማሪያችን «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ» ብላን ነበርና፣ በአገሩ ቋንቋ እንድለማመድበት ነው። እኔ በአገሩ ቋንቋ መጻፍ የምችለው «ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው፣ ዛሬ ዝናብ ነው» የሚል ብቻ ነው። እሱን ጽፌ ስጨርስ ገጹ አልተነካም። ስለዚህ በራሴ ቋንቋ ልቀጥል፤ ደግሞ ማን ሊያነበው! ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ጽሕፈቴ ግን እንደ ሰው ይነበባል።

የእህቴ ልጅ ልበላት እንጂ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ከዚህ በኋላ ልጄ እያልኩ ነው የምጽፈው። እዚህ አገር አግብታ ስትኖር፣ ዋስ ሆና ፈርማ አመጣችኝ። ከመጣሁ አራተኛ ወሬ ነው።

ትናንት የባሏ እናት ምሳ ጠርታን ነበር። ያቀረበችውን ነገር እንዴት ብዬ ልጻፈው? ከባሕር የወጣ ነው። ከነዛጎሉ ነው የሚቀርበው፤ ውስጡ እርጥብ የሆነ፣ የጥጃ ምላስ የሚመስል ነገር ተኝቶበታል። ሎሚ ሲጨመቅበት የተነቃነቀ መሰለኝ። ሴትዮዋ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ታያለች። አፌ ውስጥ ከተትኩት፣ ጉሮሮዬ ግን እምቢ አለ። ቀስ ብዬ ሶፍት ውስጥ አድርጌ ቦርሳዬ ከተትኩትና «በጣም ይጣፍጣል» አልኩ። ደስ ብሏት ሦስት ጨመረችልኝ። አራት ሶፍት ይዤ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ልጄ «አክስቴ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ስትል «እኔ እንጃ፣ መኪናው ይሆናላ» አልኳት። ዛሬ ጠዋት ባሏ መኪናውን ሲያጥብ በመስኮት አየሁት። ምንጣፉን ሁሉ አውጥቶ ነው የሚያጥበው። መጋረጃውን ዘጋሁ።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

ስለ ሥራዬ። የአረጋውያን መኖሪያ ነው፣ አርባ ያህል ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያሉበት። እኔ ምድር ቤት ካለው ማዕድ ቤት ትሪ በጋሪ ጭኜ፣ በሊፍት ወጥቼ፣ በየክፍሉ አደርሳለሁ። ሲያልቅ ሰብስቤ አጥባለሁ። ማብላት የእኔ ሥራ አይደለም፣ እሱ የተማሩት ነው።

ትሪው ላይ ካርድ አለ። ነጭ ካርድ፣ እንደማንኛችንም ይበላል። አረንጓዴ፣ ተከትፎ የላመ። ቀይ ካርድ ግን ጉድ ነው! ካሮቱን ቀቅለው፣ ፈጭተው፣ አልመው፣ ከዚያ በካሮት ቅርጽ ማውጫ መልሰው ካሮት ያደርጉታል። ሥጋውም እንደዚያው፣ ተፈጭቶ እንደገና ሥጋ ይመስላል። ወጥ ቤቱን «መልሰህ ካሮት ልታደርገው ለምን ፈጨኸው?» ልለው ፈልጌ ቋንቋው አጠረኝ። ይባስ ብሎ ውኃውን! ዱቄት ይጨምሩበትና ሙጫ ይሆናል፣ በማንኪያ ነው የሚጠጣ። ውኃ በማንኪያ ሲጠጣ ያየሁት እዚህ ነው።

በገባሁ ሰሞን ኃላፊዋ አዲሶቹን ሰብስባ ሥዕል አሳይታናለች። አንገት፣ ሁለት ቱቦ፣ ቀስት። ፈጥና ነው የምታወራው። «ገባችሁ?» ስትል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ነቀነቅሁና ፈረምኩ። ምኑ እንደገባኝ እንጃ።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

ረጅሟ የምላት ባልደረባዬ አለች። እሷም እንደኔ ከሰው አገር የመጣች ናት፣ ግን ከሌላ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ድስት ሳትንጠራራ ታወርዳለች። ከሚያበሉት አንዷ ናት።

በዕረፍት ሰዓት ዳቦ በአይብ ጋበዘችኝ። አይቡ ሰማያዊ ሻጋታ አለበት፤ አውቀው ነው የሚያሻግቱት አሉ። ቢሆንም ርቦኛል፣ ዓይኔ ዳቦው ላይ ነው። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። መልሳ አስቀመጠችው! በቃ! እኔ እኮ ገና መጀመሬ ነው። እኛ ዘንድ ሰው አንዴ እምቢ ሲል ወጉ ነው፤ ሁለተኛ «እንዴ፣ ተይ እንጂ» ይባላል፣ ሦስተኛ «በሞቴ» ሲባል ነው እጅ የሚዘረጋው። እዚህ ማንም አይለምንም። አንድ ወር ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ጦሜን የዋልኩት በዚህ ነው።

ዛሬ በስንት መከራ አስረዳኋት። ሳቀች፣ ሳቀችና «እዚህ አይ ካልሽ አይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ዳቦውን አፍንጫዬ ሥር ይዛ «በሞቴ! በሞቴ! በሞቴ!» አለች በተሰባበረ አነጋገር። ሻጋታውን በላሁት። ካልሲ ካልሲ ይላል። ወደድኳት እሷን።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

የሰባት ቁጥሩ አባባ። ሰዓት ሠሪ ነበሩ አሉ። ትራሳቸው አጠገብ ሦስት ሰዓቶች አሏቸው፣ ሦስቱም በአንድ ደቂቃ አይዛነፉም። ስትሮክ የሚሉት በሽታ ግማሽ ፊታቸውንና ግራ እጃቸውን ይዞባቸዋል። ቀይ ካርድ ናቸው። ትሪያቸው እንደሄደ ነው የሚመለሰው። ማንኪያው ሲቀርብ በደህናው እጃቸው ገፋ ያደርጉታል፣ በቀስታ፣ ዝንብ እንደሚከለክል ሰው። «አይ» ይላሉ። ከስተው አልጋው ሰፍቷቸዋል።

ሴት ልጃቸው በየቀኑ ከሥራ መልስ ትመጣለች። በሩ ላይ የተበላው ልክ የሚሞላበት ወረቀት አለ። ዛሬ ቆማ አነበበችው። ሩብ። ባዶ። ባዶ። ሩብ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። እኔ ጋሪዬን ይዤ ተገተርኩ። «ይበላሉ» አልኳት። «ይበላሉ፣ እኔ አለሁ።» ማን ጠየቀኝ? ምን ቤት ነኝ?

ጥቅምት 19፣ ዓርብ

ዛሬ አንዷ ቀርታ ረጅሟ ላይ ስምንት ሰው ተደራረበባት። «እባክሽ ሰባት ቁጥር ቁጭ በዪልኝ፣ አንቺን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል» አለችኝ። ደንቡ አይፈቅድም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይብሉ እንጂ፣ በሞቴ» አልኳቸው በራሴ ቋንቋ። በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ግን ማንኪያውን ገፉት። ደገምኩ፣ ገፉት። ሠለስኩ፣ ገፉት። ለረጅሟ «እየተግደረደሩ ነው» አልኳት። «አይ ማለታቸው ነው» አለች። ምን ታውቃለች እሷ፣ ልጅ ናት።

ዕድሜውን ሙሉ የሰዓት ጥርስ በማጉያ መነጽር ሲያይ የኖረ ሰው ካሮት ያልሆነ ካሮት አይለይም? እኔ አፈርኩላቸው።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ነጭ ዳቦ ገዝቼ፣ ቅርፊቱን አንስቼ፣ ውስጡን ብቻ ሞቅ ባለ ወተት ነክሬ፣ ማር ጠብ አድርጌበት በትንሽ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ለራሴ ቁርስ ብዬ ነው የያዝኩት። ያው፣ ረጅሟ ዛሬም «እባክሽ» አለችኝ።

ሽታው ሲደርሳቸው ዓይናቸው ተከፈተ። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ገፉ። «በሞቴ!» አልኩ። አንድ ጉርሻ ተቀበሉኝ፣ በእጄ። ዋጡት። ትንሽ ሳል አሉ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ! እንደ ወፍ ጫጩት። ዕቃዬን ባዶ አደረጉት። እንባዬ መጣ።

ትሪው ግን እንዳለ ቀረ። የሰው ምግብ መጣል ነውር ነው፣ ተመልሶ ከወረደ ደግሞ ይጠየቃል። መታጠቢያ ክፍላቸው ገብቼ፣ ቆሜ፣ እኔ በላሁት። ያንን የሚጎተት ውኃ ሳይቀር።

ረጅሟ «ስንት በሉ?» አለችኝ።

«ሙሉ በልተዋል።»

ዘለለች! አቀፈችኝ። ወረቀቱ ላይ ሙሉውን ክብ አጥቁራ ፈረመችበት።

ጥቅምት 23

ሙሉ። አውቶቡስ ደረሰ፣ አልጽፍም።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ልጃቸው ወረቀቱን አየች። ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ። ረጅሟ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ የደስታ። ኃላፊዋም በስብሰባ ላይ ረጅሟን በስሟ ጠርታ አመሰገነቻት። እኔ ከኋላ ቆሜ አጨበጨብኩ። ቅናት ነው መሰለኝ የያዘኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የማላውቀውን ቋንቋ «እኔ ነኝ» ለማለት ያህል ሰካክቼ ጨርሼ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልጻፍ፣ ብቻዬን ስለሆንኩ። ካሮቱ ይጣፍጣል። ቅቤ አለበት። ሥጋውም ቢሆን ዓይን ከጨፈኑ ሥጋ ነው። በዚህ አገር ሳልዋሽ የወደድኩት የመጀመሪያው ምግብ የበሽተኛ ሰው ሆኖ አረፈው። ዛሬ የሊፍቱ በር እስኪከፈት ምራቄን ስውጥ ራሴን ያዝኩት።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

አባባ ጉሮሯቸው ውስጥ የሚንቀረቀር ድምፅ አለ። ብርድ ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ዘጋሁት። ዳቦውን ትንሽ አሳነስኩ። ለምን እንዳሳነስኩ እንጃ።

ጥቅምት 30

ረጅሟ «ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ አይልብሽም?» አለችኝ።

«ብርድ ነው» አልኳት። መስኮቱ እኮ ክፍት ነበር፣ ቅዳሜ።

ኅዳር 1፣ ረቡዕ

ዛሬ አልፈለጉም። ገፉ። ገፉ። እኔ ግን «በሞቴ» አልኩ፣ «በልጅዎ» አልኩ፣ እሷን በስሟ ጠራሁባቸው። በልጃቸው ስም ሲለመኑ ጊዜ ተቀበሉኝ። ከዚያ ሳል። ፊታቸው ጠቆረ። ጀርባቸውን መታሁ፣ መታሁ። አለፈ። አለፈላቸው፣ ደህና ናቸው፣ ሰዓቶቻቸውን እያዩ ተኙ። ዕቃዬን አጥቤ ቦርሳዬ ከተትኩ።

«ስንት በሉ?»

«ሙሉ።»

ኅዳር 2

ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሌሊቱን ትኩሳት። ሳንባቸው ነው አሉ። አልጋው ተነጥፎ አገኘሁት፣ ሰዓቶቹ አሉ።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ኃላፊዋ ሁላችንንም አንድ በአንድ ጠራች። ረጅሟ ከእኔ በፊት ገባች። በሩ መስታወት ነው፣ አያለሁ። ስትወጣ በጎን አየችኝና «እኔ ነኝ የማበላቸው ብያለሁ» አለችኝ በቀስታ። «ፊርማው የኔ ነው። ላልተፈቀደለት ሰው ሰጠሁ ካልኩ ይብስብኛል። አንቺ ትሪ ነው የምታመላልሺው፣ አደራ።»

ገባሁ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«ትሪ ነው የማመላልሰው።»

እውነት ነው ደግሞ። የሥራ ውሌ ላይ የተጻፈው እሱ ነው።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ረጅሟ ምርመራው እስኪያልቅ ቤት ትቀመጥ ተባለች። ሥራዋ ከተቋረጠ የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ ያልቃል፤ ይህን የነገረችኝ ከልብስ መቀየሪያው ሣጥኗ ጫማዋን እያወጣች ነው፣ እንደ ቀልድ።

«ማንኪያውን ሞልተሽ ነበር እንዴ የምትሰጪያቸው?» አለችኝ።

«ኧረ ትንሽ ትንሽ።»

«ቀና ብለው ተቀምጠው?»

«ቀና ብለው።»

«ቸኩለሽስ?»

«አልቸኮልኩም።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አለች። «አንቺ የምትችዪውን አድርገሻል።» አቀፈችኝ። አገጬ ደረቷ ላይ ነው የሚደርሰው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጠየቀችኝን ሁሉ በእውነት ነው የመለስኩላት፤ አንድ ቃል አልዋሸሁም። ያልጠየቀችኝን ነው ያልነገርኳት።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

የአባባ ልጅ ልብሳቸውንና ሰዓቶቻቸውን ልትወስድ መጣች። ከረጢቱን ያዝኩላት። እየጠቀለለች ታወራለች፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ እንዲገባኝ።

ሐኪሞቹ ወረቀቱን አዩት። እሑድን ሳይጨምር ዘጠኝ ቀን ለስላሳውን፣ የቀይ ካርዱን ምግብ፣ ሙልጭ አድርገው በልተዋል፣ እንደዚያም ሆኖ ሳንባ ውስጥ ገብቷል። እንግዲያው ለስላሳውም አይሆናቸውም ማለት ነው አሉ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ሆዳቸው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ይገባል። ከዚያ በኋላ በአፍ ምንም። ጠብታም።

«ለምን ያህል ጊዜ?» አልኩ።

«ለሁልጊዜ።» ካልሲዎቹን አጣጥፋ ፈታቻቸው፣ ደግማ አጣጠፈች። «አሁን ጣታቸውን ወደ አፋቸው ያሳዩኛል። ምግብ ፈልገው እኮ ነው! ደግሞ እየበሉ ነበር። ሙሉ!»

«አይዞሽ» አልኳት። ከረጢቱን እስከ መኪናዋ ተሸከምኩላት። አመሰገነችኝ።

ኅዳር 9

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኛል።

ብናገር ልጄ ዋስ ሆና ፈርማልኛለች። ብናገር ባሏ ምን ይላል፣ እናቱስ? ብናገር ያባርሩኛል ወይስ ያስሩኛል፣ የዚህን አገር ሕግ የት አውቄው። ደግሞ ማን አወቀ፣ ዳቦው ላይሆን ይችላል። ብርድ ነበረ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

መስኮቱ አንድ ቀን ነው ክፍት የነበረው።

ኅዳር 10

ትሪ ሳመላልስ ሰባት ቁጥርን ዓይኔን ጨፍኜ አልፋለሁ። ጋሪው የበሩን መቃን ገጭቶ የአንዱ ሾርባ ፈሰሰ። ወጥ ቤቱ «ምን ነካሽ?» አለኝ። ለሐሙስ ስድስት ቀን አለ።

ኅዳር 12፣ እሑድ

የባሏ እናት ዛሬም ጠራችን። «አንቺ ስለምትወጂው ብዬ» ብላ ያንን የባሕር ነገር በትልቅ ሳህን አቀረበችው። ከገበያ በጠዋት ተሰልፋ ነው ያመጣችው። አንዱን አነሳሁና ዋጥኩት። ሁለተኛውን። አሥራ አንድ ዋጥኩ፣ ቆጥሬያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። እንባዬ ሲወርድ «ሎሚው ዓይኔ ገባ» አልኩ። ሴትዮዋ ደረቷን ይዛ በደስታ ታየኛለች።

ስንመለስ ባሏ እናቱ ጋ ቀረ፣ ልጄ ብቻዋን ነዳች።

«አክስቴ፣ አትወጂውም እኮ» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ያኔ ሶፍቶቹን ቦርሳሽ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። እኔ ነኝ የጣልኳቸው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ።»

ያኔ ነው የነገርኳት። ከዳቦው ጀምሬ። መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመች። ሞተሩን አጠፋች። «ሥራ ስትገቢ ሥዕል አላሳዩሽም? የጉሮሮውን?» አለችኝ።

«አሳይተውኛል።»

«አልገባሽም?»

እዚህ ደብተር ላይ «ምኑ እንደገባኝ እንጃ» ብዬ ጽፌያለሁ። ገብቶኝ ነበር። ሁለት ቱቦ፣ አንዱ የእህል አንዱ የእስትንፋስ፤ ኃላፊዋ ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ አሻግራ «እዚህ ከገባ ይሞታሉ» ስትል ሕፃን ይገባው ነበር። ገብቶኝ ነው። ግን የፈረንጅ ፈሊጥ ነው ብዬ ናቅሁት። ሰው ዳቦ በወተት በልቶ ይታመማል እንዴ ብዬ። እናቴን እስከ መጨረሻዋ እንደዚያ ነው ያበላኋት።

«ገብቶኝ ነበር» አልኳት።

ልጄ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት አየች። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ነው» አለች። «አብሬሽ ልምጣ?»

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ሄድኩ። ነገርኳት። ትናንት ልጄ የጻፈችልኝን ቃላት በወረቀት ይዤ ነበር፣ ሳልገልጠው በቃሌ ወጣ። ረጅሟ ስለ ዳቦው አታውቅም አልኩ፣ እሱን ሁለት ጊዜ አልኩ። ኃላፊዋ አልጮኸችም። ትጽፋለች።

«ስንት ቀን?» አለች።

«ሦስት።»

ጻፈች። አዙራ ሰጠችኝ። ፈረምኩ። ሥራው በዚሁ አበቃ አለችኝ፣ ሌላ የሚመጣ ነገር ካለም በደብዳቤ ይደርሰኛል። ሽርጤንና የበሩን ካርድ አስረከብኩ። አውቶቡስ ውስጥ ቀለለኝ። ይኸው ተናገርኩ እኮ።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

ለምን ሦስት አልኩ?

ማንም አላስገደደኝም። ጥያቄው ሲመጣ አፌ ራሱ ቆርጦ አሳነሰው፣ ገበያ ላይ እንደቆመ ሰው። ልናዘዝ ገብቼ ተከራከርኩ።

ከቀትር በፊት ኃላፊዋ ለልጄ ደወለችላት፣ ለእኔ ቋንቋው ስለሚከብደኝ። ሐኪሞቹ ተነገራቸው። ነገር ግን በሳንባቸው ላይ ያለው ጉዳት የሦስት ቀን ብቻ አይደለም ብለዋል። ቀድሞም ለስላሳው ሳንባቸው ይገባ ነበር ማለት ነው፣ ሐሙስ እንደታሰበው ቱቦው ይገባል። ልጄ ስልኩን ዘግታ ይህን ስትነግረኝ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላውን አስቀመጥኩ።

«ሦስት ቀን አይደለም» አልኳት።

«ስንት ነው?»

ኮቴን ለበስኩ። አሁን ከነገርኳት እሷ ደውላ ትነግርልኛለች፣ እኔም እሷን አስቀድሜ ከኋላዋ እደበቃለሁ። ራሴን ዐውቀዋለሁ።

ካርዴን አስረክቤያለሁና በሩ አልከፈት አለኝ። እንደ እንግዳ ደወልኩ። ኃላፊዋ ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ወጥ ቤቱም ቆሟል፣ የምታጸዳዋም ቆማለች። ወደ ቢሮ እንግባ ብል የሚሆን ነበር። እዚያው ቆሜ ተናገርኩ።

«ዘጠኝ ቀን ነው» አልኩ። «ለስላሳውን አንድም ቀን አልቀመሱም። እኔ ነኝ የበላሁት።»

«አንቺ?»

«እኔ። መታጠቢያ ክፍላቸው ውስጥ፣ ቆሜ።»

ወጥ ቤቱ አየኝ። የእሱን ካሮት ነው የበላሁት። ፊቱን ልጽፈው አልችልም።

«ለምን ሦስት አልሽኝ ታዲያ?» አለች ኃላፊዋ።

«ዘጠኝ ያሳፍራል።»

ካፖርቷን መልሳ አወለቀች። ቢሮዋን ከፍታ መብራቱን አበራች። «ተቀመጪ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ» አለችኝ። ጀመርኩ። ማሩን ሳይቀር። በልጃቸው ስም የለመንኳቸውን ሳይቀር።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

የትናንቱ ቱቦ ቀርቷል። ሳንባቸው ሲሻላቸው አዋዋጣቸውን እንደ አዲስ እንፈትሻለን ብለዋል። ልጃቸው ሁሉንም ሰምታለች። ቤቷ ሄጄ ልጠይቃት፣ ይቅርታ ልላት አሰብኩ። ልጄ «መጀመሪያ እሷ ትፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ» አለች። ተጠየቀች። አትፈልግም።

እሺ። አይ ካለች አይ ነው።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ

ረጅሟ ደወለች። ስሟን ስልኩ ላይ ሳየው እጄ ሸሸ፣ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደግማ ደወለች። አነሳሁ።

«ይቅር ብዬሽ የደወልኩ እንዳይመስልሽ» አለች።

«አይመስለኝም።»

«ወደ ሥራ መልሰውኛል። ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል፣ አንቺን ስላስቀመጥኩሽ። እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

«አዎ» ልል አልኩና ተውኩት። «የኔ ነው» አልኩ።

«ጫማዬን ሳወጣ ቆመሽ ነበር። አቅፌሽ ነበር እኮ! ያን ቀን አንድ ቃል አጣሽ?»

ምን ልበላት? ቋንቋው አጠረኝ ልል አልችልም፣ ለእሷ አጥሮኝ አያውቅም። ከኋላዋ የትሪ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ ሌላ ሰው እየገፋው።

«ዛሬ ፈተሿቸው» አለች በመጨረሻ። «ልጃቸው ናት የነገረችኝ። ለስላሳውን ነው የሰጧቸው። አራት ማንኪያ ዋጡ፣ ምንም ወደ ሳንባ አልሄደም። አምስተኛውን በእጃቸው ገፉት።»

«ከዚያስ?» አልኩ። ወንበሩን ይዣለሁ።

«ከዚያማ ማንኪያውን አስቀመጡላቸው» አለች። «ሌላ ምን ሊያደርጉ ኖሯል?»

ዘጋችው።